ዲፒኬጂ፦ ኮምፒውተሩ የተጫነበትን የሚያውቅበት መዝገብ

ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ የተባለው ስርዓተ ክወና የሚሠራበት ኮምፒውተር ምን ምን ሶፍትዌር እንደተጫነበት የሚያውቀው በዲፒኬጂ ነው። ይህን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በጥር 1994 የጀመረው የዴቢያን መሥራች ኢያን መርዶክ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ኢያን ጃክሰን ዋናውን ክፍል በሲ ቋንቋ እንደገና ጽፎታል። ዛሬም አፕት የተባለው አውራጅ ፕሮግራም ያመጣውን ፓኬጅ፣ ማለትም የሶፍትዌር ጥቅል፣ ተረክቦ የሚጭነውና የሚመዘግበው ዲፒኬጂ ነው።

ዝርዝሩን ለማየት ተርሚናል ከፍቶ በላቲን ፊደል «ዲፒኬጂ» ብሎ መጻፍ፣ ክፍት ቦታ ትቶ ሰረዝና ትንሿን ኤል ማስከተል፣ ከዚያ ኢንተርን መምታት ይበቃል። የይለፍ ቃልም ሆነ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ መረጃው የሚነበበው እዚያው ዲስኩ ላይ ካለ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። በየመስመሩ የፓኬጁ ስም፣ ቨርዥኑ፣ የተዘጋጀለት የፕሮሰሰር ዓይነትና አጭር መግለጫ ይወጣል።

በቅድሚያ መታየት ያለባቸው በየመስመሩ መጀመሪያ የሚገኙት ሁለት ፊደላት ናቸው። አንደኛው የተፈለገውን፣ ሁለተኛው አሁን ያለውን ሁኔታ ያሳያል። ሁለቱም «አይ» ከሆኑ ፓኬጁ በትክክል ተጭኗል። «አር» እና «ሲ» ከሆኑ ግን ፕሮግራሙ ጠፍቶ የሴቲንግ ፋይሎቹ ብቻ ቀርተዋል። ስለዚህ ስሙ ስለታየ ብቻ ፕሮግራሙ አለ ማለት አይቻልም።

የቨርዥኑ ዓምድ ዋጋ እ.ኤ.አ. መጋቢት 29 ቀን 2024 በግልጽ ታይቷል። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ፣ ፋይል ለማመቅ በሚያገለግለው ኤክስዜድ ውስጥ፣ በ5.6.0 እና በ5.6.1 ቨርዥኖች፣ ሆን ተብሎ የተቀበረ የስርቆሽ በር ማግኘቱን ይፋ አደረገ። የዴቢያን የተረጋጋው እትም አልተነካም፤ በሙከራ ላይ የነበሩት እትሞች ግን ተነክተው ነበር። ዴቢያን ወደ ቀድሞው ኮድ ሲመለስ ቨርዥኑን «5.6.1 ፕላስ ሪሊ 5.4.5» ብሎ ሰየመው። ቁጥሩ ካላደገ አፕዴቱ በየኮምፒውተሩ በራሱ ስለማይገባ፣ ፊቱ 5.6.1 ይባል እንጂ ውስጡ 5.4.5 ነው። መስመሩን እስከ መጨረሻው ያላነበበ ሰው በከንቱ ይደነግጣል።

መዝገቡ የሚይዘው ግን በዲፒኬጂ እጅ ያለፈውን ብቻ ነው። በሌሎች መጫኛዎች፣ ማለትም በስናፕ፣ በፍላትፓክ ወይም በፒፕ የገባው፣ እንዲሁም ከምንጭ ኮዱ በእጅ ተጠናቅሮ የተጫነው እዚህ አይገኝም፤ ለስናፕ፣ ለፍላትፓክና ለፒፕ «ሊስት» የሚለውን የየራሳቸውን ትእዛዝ መጠቀም ያሻል። የደኅንነት ማስጠንቀቂያ በወጣ ቁጥር «እኔን ይነካኛል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ የተሻለ መልስ የሚያገኘው፣ እነዚህን ዝርዝሮች አንድ ላይ አድርጎ ማንበብ የለመደ ሰው ነው።