የቡናው ስምና የገበያው መንገድ

ገላጭ ድርሰት የአንድን ነገር ምንነት፣ አሠራርና ጥቅም ለአንባቢ ግልጽ አድርጎ የሚያስረዳ የድርሰት ዓይነት ነው። ቀጥሎ የቀረበው ምንባብ ድርጅቶች ማኅበራዊ መገናኛዎችን ለገበያ ሥራ እንዴት ሊጠቀሙባቸው እንደሚችሉ ይገልጻል። ምንባቡን በጥሞና ካነበባችሁ በኋላ በስተመጨረሻ የቀረቡትን ጥያቄዎች ሥሩ።

ምንባብ

በገበያ ቀን ወደ ሚዛን ተፈሪ ወይም ወደ ቴፒ ገበያ ብቅ ያለ ሰው፣ ሻጭና ገዥ እንዴት እንደሚተማመኑ በቀላሉ ሊረዳ ይችላል። ሻጭዋ ኮረሪማዋን፣ ዝንጅብሏን ወይም ጀንፈል ቡናዋን በፊቷ ዘርግታ ትቀመጣለች። ገዥው ቀርቦ ያያል፤ በእጁ ዘግኖ ያገላብጣል፤ ያሸታል፤ «ይህ ከየት የመጣ ነው? መቼስ ተለቀመ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ካረካው ይገዛል። ቤቱ ወስዶ ሲሞክረው እንደተባለለት ሆኖ ካገኘው ደግሞ በሚቀጥለው ገበያ ተመልሶ እርሷኑ ይፈልጋል። ማየት፣ መጠየቅ፣ እውነተኛ መልስ ማግኘትና ተመልሶ መምጣት የንግድ ሁሉ መሠረት ናቸው።

ይሁን እንጂ ገዥው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በአዲስ አበባ፣ ወይም ባሕር ተሻግሮ በሩቅ አገር የሚኖር ቢሆንስ? ቡናውን ዘግኖ ሊያሸት፣ አምራቹንም ሊጠይቅ አይችልም። ለብዙ ዘመን ይህን ርቀት ይሞሉ የነበሩት ሰብሳቢው፣ አቅራቢውና ላኪው ናቸው። ቡናው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው በተላለፈ ቁጥር ግን ስለ ቡናው የሚታወቀው ነገር እየቀነሰ ይሄዳል። በመጨረሻው ጠጪ ዘንድ ሲደርስ የአገሩ ስም ይቀር ይሆናል እንጂ የቀበሌው፣ የደኑና የገበሬው ስም ጠፍቶ ያድራል። ስሙ የጠፋ ዕቃ ደግሞ ዋጋውን የሚያስከብርለት የለም።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ከጌሻ ቡና ታሪክ የተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ አይገኝም። ጌሻ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚገኝ ሥፍራ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከዚያ አካባቢ ደኖች የተሰበሰበ የቡና ዘር ወደ ኬንያና ወደ ታንጋኒካ ተወሰደ፤ እ.ኤ.አ. በ1953 ወደ ኮስታሪካ ተሻገረ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም በፓናማ ተተከለ። በዚያ አገር የተፈለገው የቡና ቅጠል በሽታን ይቋቋማል ተብሎ ነበር። ምርቱ አነስተኛ ስለሆነ ግን ብዙዎቹ ችላ አሉት። ከዚያም አንድ የፓናማ ቤተሰብ በእርሻው ላይ የነበረውን የጌሻ ቡና ከሌላው ለይቶ ቀመሰው፤ ለይቶም ለውድድር አቀረበው። እ.ኤ.አ. በ2004 ቡናው በአገሪቱ ውድድር አንደኛ ወጣና በጨረታ አንዱ ፓውንድ በ21 ዶላር ተሸጠ። በዚያ ወራት ተራ ቡና በዓለም ገበያ አንዱ ፓውንድ 1 ዶላር እንኳ አያወጣም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ የዚያው እርሻ የጌሻ ቡና በጨረታ አንዱ ኪሎ ግራም ከ30,000 ዶላር በላይ አወጣ።

ተማሪዎች፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዘሩ የወጣው ከእኛው ደን ነው። የፓናማው እርሻ ያደረገው ቡናውን ለይቶ መያዝ፣ ጣዕሙን ማስመስከርና ታሪኩን ለዓለም መንገር ነው። በዚያ ጊዜ በጌሻ አካባቢ የሚኖረው ገበሬ ቡናውን ለሰብሳቢ ሲሸጥ ይህን ሁሉ የሚነግርበት መንገድ አልነበረውም። ከዚህም የተነሣ ብዙ የውጭ ጠጪዎች «ጌሻ» የሚለውን ስም ከጃፓን ቋንቋ የመጣ ይመስላቸው ነበር። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል፤ የዚህ ቡና ስም ግን ከአገሩ ርቆ ነበር የሚውለው።

አሁን ወደ ማኅበራዊ መገናኛዎች እንመለስ። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2004፣ ዩቲዩብ በ2005፣ ኢንስታግራም በ2010፣ ቴሌግራም በ2013 ተመሠረቱ። ከእነዚህ ቀደም ብሎ ድርጅት ሸቀጡን የሚያስተዋውቀው በጋዜጣ፣ በራዲዮና በቴሌቪዥን ነበር። እነዚህ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ ንግግሩም በአንድ ወገን ብቻ የሚሄድ ነው፤ ሻጩ ይናገራል፣ ገዥው ይሰማል። በማኅበራዊ መገናኛ ግን ሻጩ ሥዕልና ድምፅ ጨምሮ ያሳያል፤ ገዥውም ይጠይቃል፣ ያመሰግናል፣ ይወቅሳል፤ ሌሎችም ይህን ያነባሉ። ስለዚህ ማኅበራዊ መገናኛ በባሕርዩ ከራዲዮ ማስታወቂያ ይልቅ የሚዛን ተፈሪን ገበያ ይመስላል። ልዩነቱ ገበያተኛው የትም አገር ሊሆን መቻሉ ነው።

ዛሬ በዚህ መንገድ የሚጠቀሙ በዚያው ምድር ይገኛሉ። በጎሪ ጌሻ ደን አቅራቢያ እ.ኤ.አ. በ2011 የተመሠረተው ጌሻ ቪሌጅ የተባለው የቡና እርሻ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,900 እስከ 2,100 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ይገኛል። እርሻው በስምንት ክፍሎች የተከፈለ ሲሆን እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ስም አለው። ገዥው ቡናው ከየትኛው ክፍል እንደተለቀመ፣ የትኛው ዝርያ እንደሆነና እንዴት እንደደረቀ አውቆ ይገዛል። እርሻው እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ምርጥ ቡናውን በኢንተርኔት ጨረታ ሽጧል። ይህ ዕድል ለትልልቅ እርሻዎች ብቻ የተሰጠ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020፣ የኮሮና ወረርሽኝ ጉዞን ባገደበት ዓመት፣ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የተባለው የቡና ውድድር በኢንተርኔት ጨረታ ተፈጽሟል። አንደኛ የወጣው የሲዳማ ቡና አንዱ ፓውንድ በ185 ዶላር ከ10 ሳንቲም ተሸጧል።

ታዲያ አንድ ድርጅት፣ ለምሳሌ የቡና አምራች ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ በማኅበራዊ መገናኛ ለመጠቀም ቢነሣ ምን ማድረግ ይገባዋል?

በመጀመሪያ ገዥው ማን እንደሆነ መለየት አለበት። የቴፒን ቁንዶ በርበሬ፣ ኢርድና ኮረሪማ የምትፈልግ የአዲስ አበባ የቤት እመቤት በቴሌግራም ዋጋውንና የመላኪያውን መንገድ ብታገኝ ይበቃታል። ቡና ቆልቶ የሚሸጥ የውጭ አገር ነጋዴ ግን ዋጋውን ከመጠየቁ በፊት የቦታውን ከፍታ፣ የለቀማውን ወራትና የአደራረቁን ሁኔታ ማወቅ ይሻል። ለሁሉም አንድ ዓይነት ቃል የሚናገር ለማንም አልተናገረም።

ሁለተኛ፣ ስለ ምርቱ ተለይቶ የሚታወቀውን መናገር ይገባል። «የእኛ ቡና ከሁሉ ይበልጣል» የሚለውን ሁሉም ይለዋልና ማንንም አያሳምንም። «ቡናችን የሚለቀመው ሲቀላ ብቻ ነው፤ በማድረቂያ አልጋ ላይ በቀን ብዙ ጊዜ ይገላበጣል» የሚል ዓረፍተ ነገር ግን ገዥው ሊመረምረው የሚችል ፍሬ ነገር ይዟል። በዚህ ላይ የሥራውን ሥዕል በየወቅቱ ማሳየት ነው፤ አበባው ሲፈነዳ፣ ቡናው ሲቀላ፣ ለቃሚዎች ቅርጫታቸውን ይዘው ሲወጡ፣ ቡናው ታጥቦ አልጋ ላይ ሲሰጣ። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ የሚል ሻጭ በገበያም ቢሆን ይረሳል።

ሦስተኛ፣ ለሚጠይቅ ሁሉ በጊዜው መልስ መስጠት ያስፈልጋል። ወቀሳ ሲመጣም መደበቅ አይጠቅምም። ስህተቱን አምኖ ያረመ ድርጅት ከወቃሹ አልፎ ያንን ጭውውት የሚያነቡትን ሁሉ ወዳጅ ያደርጋል።

አራተኛ፣ የተከታዮችን ብዛት ከሽያጭ ጋር አለማሳሳት ነው። አሥር ሺሕ ሰው ሥዕሉን ወዶ አንድም ሰው ላይገዛ ይችላል። ድርጅቱ ስንት ሰው እንደጠየቀ፣ ከጠየቁት ስንቱ እንደገዛ፣ ከገዙትም ስንቱ እንደተመለሰ እየመዘገበ ሥራውን መመዘን አለበት።

ከሁሉ በላይ ግን የሚነገረው እውነት መሆን አለበት። «ከአፍ የወጣ አፋፍ» እንዲሉ፣ በማኅበራዊ መገናኛ የወጣ ቃል በአንድ ቀን ዓለምን ያዳርሳል፤ መልሶ መሰብሰብም አይቻልም። ከቆላው የተለቀመን ቡና ጌሻ ነው ብሎ የሚሸጥ ሰው ለአንድ ወቅት ያተርፍ ይሆናል። ገዥው ቀምሶ ሲያውቅ ግን የሚከስረው አታላዩ ብቻ ሳይሆን የአካባቢው ገበሬ ሁሉ ነው። ሕጉም ቢሆን ይህን አይፈቅድም፤ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ደግሞም መዋሸት አያስፈልግም። ቴፒና በበቃ ከጌሻ ዝቅ ያለ ከፍታ ላይ ቢሆኑም የራሳቸው ቡና፣ የራሳቸው ጣዕምና የራሳቸው ታሪክ አላቸው። ከ10,000 ሄክታር በላይ ይዞታ ያለው የበበቃ እርሻ በሌላ ስም መጠራት አይሻም።

ይህ ሲባል ማኅበራዊ መገናኛ ሁሉን ይፈታል ማለት አይደለም። ስልክ ቡና አያጥብም፤ መንገድም አይጠርግም። የመብራትና የኔትወርክ መቋረጥ ሥራውን ያሰናክላል። ቡና ወደ ውጭ ለመላክ ፈቃድ፣ የጥራት ምርመራና በቂ መጠን ያስፈልጋል። እነዚህን አንድ አነስተኛ ገበሬ ብቻውን ሊያሟላ ይቸገራል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚባለው ለዚህ ነው። ማኅበራትና ዩኒየኖች የአባሎቻቸውን ቡና አንድ ላይ ሲያቀርቡ ፈቃዱንም መጠኑንም ያገኛሉ። የእያንዳንዱን ቀበሌ ቡና ለይተው ከያዙ ደግሞ ስሙም አይጠፋም። በስልክ የሚነገረው ታሪክ ዋጋ የሚኖረው ይህ በመጋዘን ውስጥ በጥንቃቄ ሲፈጸም ብቻ ነው።

በመጨረሻ፣ ነገሩ እናንተንም ይመለከታችኋል። አንድ ማኅበር ካሜራ ያለው ስልክ በቀላሉ ሊገዛ ይችላል። ያየውን በትክክል የሚገልጽ፣ ያላየውን የማይጨምር፣ ለጠያቂ በትሕትናና በጥራት የሚመልስ ጸሐፊ ግን በቀላሉ አይገኝም። ወላጆቻችሁ ቡና የሚለቅሙ ወይም ንብ የሚያንቡ ከሆነ ሥራቸውን ከእናንተ የበለጠ በቅርብ የሚያውቅ የለም። ሌላው መጥቶ እስኪነግርላችሁ ድረስ ብትጠብቁ የጌሻ ታሪክ ይደገማል። ገላጭ ድርሰት መማር አንዱ ጥቅሙ እንግዲህ ይህ ነው፤ የአገርን ሀብት በስሙና በእውነቱ ለዓለም ማስታወቅ።

መልመጃ

1. የጌሻ ቡና በፓናማ ከፍተኛ ዋጋ ያገኘው በምን ምክንያት ነው? ከምንባቡ ሦስት ምክንያቶችን አውጥታችሁ ጻፉ።

2. ጸሐፊው ማኅበራዊ መገናኛን ከራዲዮ ማስታወቂያ ይልቅ ከገበያ ጋር ያመሳሰለው ለምንድን ነው?

3. «የእኛ ቡና ከሁሉ ይበልጣል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ጉድለቱ ምንድን ነው? ሊመረመር በሚችል ፍሬ ነገር ተክታችሁ ጻፉት።

4. የሚከተሉትን ቃላት በዓረፍተ ነገር እየከተታችሁ ፍቺያቸውን አሳዩ፦ ጀንፈል፣ ይዞታ፣ ማስመስከር፣ አሳሳች።

5. በአካባቢያችሁ ከሚመረቱት ነገሮች አንዱን መርጣችሁ፣ ከሩቅ ላለ ገዥ የሚያስተዋውቅ ባለ ሦስት አንቀጽ ገላጭ ድርሰት ጻፉ። ስታደርጉም በዓይናችሁ ያላያችሁትን ወይም ከሠሪው ጠይቃችሁ ያላረጋገጣችሁትን ነገር አትጨምሩ።