ስልኩ ሲሞት አብሮት የሚሄደው

በቅርቡ ከመካከላችን የአንዷ እህት ስልክ ወጥ ድስት ውስጥ ወደቀ። ስቀን ነበር። በኋላ ግን አብሮት የሄደውን ስትቆጥርልን ሳቁ ቆመ። ኢቃማዋን የምታሳየው በአብሸር ነው። ባንኳ እዚያው ነው፤ ባንኩ የሚልከው ኮድም የሚመጣው በዚያው ስልክ ነው። የእናቷን ቁጥር እንኳ በቃሏ አታውቀውም፤ ሁለት ቀን አገር ቤት ሳትደውል ቀረች።

ድሮ ሰዓቱ እጅ ላይ፣ ቁጥሩ ደብተር ላይ፣ ፎቶው አልበም ውስጥ፣ ብሩ መቀነት ውስጥ ነበር። አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል። አሁን ሁሉም አንድ ዕቃ ውስጥ ገባ፤ ዕቃው ደግሞ ባትሪው በሙጫ ተጣብቆ የተዘጋ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ አዲስ ሶፍትዌር የማይላክለት ነው።

ነገሩ የዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1924 ኦስራምና ፊሊፕስ ያሉበት የአምፖል ሠሪዎች ቡድን ጄኔቭ ላይ ፌቡስ የሚባል ማኅበር አቋቋመ። ያኔ ብዙ አምፖል ከ1,500 እስከ 2,000 ሰዓት ይበራ ነበር፤ እነሱ 1,000 ይበቃዋል ብለው ተስማሙ። አምፖሉ ከዚያ በላይ የቆየ ፋብሪካ መቀጫ ይከፍላል። ሰው ሥራ ስላሳመረ ሲቀጣ አስቡት! ዕድሜው ያጠረ አምፖል ብርሃኑ ይደምቃል ብለው የሚከራከሩላቸው አሉ፤ ውሸት አይደለም። መቀጫውን ታዲያ ምን አመጣው?

አፕልም እ.ኤ.አ. በ2017 የቆዩ አይፎኖችን ፍጥነት በሶፍትዌር እንደሚቀንስ አመነ። ያረጀ ባትሪ ስልኩን ድንገት እንዳያጠፋው ነው አለ። ግን ለገዢው በግልጽ አልነገረም ነበር፤ ለዚህም ፈረንሳይ በ2020 25 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣችው። ስለዚህ ስልካችሁ ሲንቀረፈፍ አዲስ ለመግዛት አትሩጡ፤ መጀመሪያ የባትሪ ዋጋ ጠይቁ። የጅዳ ሙቀትም ባትሪ ይገድላል፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት። መርካቶ ምናለሽ ተራ ብንሆን ይሄን ማንም አይመክረንም ነበር፤ እዚያ የተጣለ ቆርቆሮ እንኳ ምጣድ ይሆናል።

ወሎ ውስጥ ገበሬው ገብስና ስንዴ ቀላቅሎ ይዘራል፤ ዱራግና ይሉታል። ዝናቡ ከጠገበ ስንዴው ያምራል፣ ካጠረ ገብሱ ይተርፋል። የእኛ ዱራግና ወረቀት ነው። ሦስት ቁጥር ጽፋችሁ ሻንጣ ውስጥ አኑሩ፤ የፓስፖርታችሁን፣ የኢቃማችሁንና የውላችሁን ኮፒ ለምታምኑት ሰው ስጡ። በተለይ ፓስፖርቱ አሠሪ ዘንድ ለሆነባችሁ ይሄ ለነገ አይባልም። የሚስጥር ቁጥር ግን ከዚያ ጋር እንዳትጽፉ።

አንድ ነገር ላክል። ሲሙ በማን ስም ነው የወጣው? በሌላ ሰው ኢቃማ ከሆነ፣ ስልኩ ሲጠፋ ቁጥሩን መልሶ ማውጣት የሚችለው ያ ሰው ነው። እሱ አገር ቤት ከገባ ቁጥሩም፣ በቁጥሩ የተከፈተውም ሁሉ አብሮት ሄደ ማለት ነው።

እስኪ አሁን ስልካችሁን ገልብጣችሁ አስቀምጡና ከዚህ ወረቀት ጀርባ የእናታችሁን ቁጥር በቃላችሁ ጻፉ።