የዲቃላ ወይፈን መኖና የሥጋ ገበያ

በሆለታ፣ በሱሉልታ፣ በቢሾፍቱና በአሰላ አካባቢ የሚገኙ የወተት ላም አርቢዎች ከሆልስታይን ፍሪዥያንና ከአገር ዝርያ የተዳቀለች ሴት ጥጃ ስትወለድ ደስ ይላቸዋል። ወንድ ሲወለድ ግን የሚጠባው ወተት እንደ ኪሳራ ይቆጠራል። ስለዚህም ብዙው ወንድ ጥጃ ገና በለጋነቱ በርካሽ ይሸጣል፤ ወይም ከስቶ ይቀራል። ይህ ልማድ ለሥጋ ነጋዴውም ሆነ ለመኖ ነጋዴው የሚያስቀረው ጥቅም ቀላል አይደለም። ዲቃላ ወይፈን ሰፊ አጥንት ያለው በመሆኑ በአግባቡ ከተመገበ ከአገሩ ዝርያ ይልቅ ፈጥኖ ያድጋልና ነው።

ሆኖም ዲቃላ በጭድ ብቻ አይደልብም። ትልቅ አካሉን ለመጠበቅ ብቻ ብዙ መኖ ይፈልጋል፤ ጮማ መያዝ የሚጀምረውም ዘግይቶ ነው። በጭድ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከመቶ 4 እጅ ገደማ ሲሆን፣ በከብቱ ሆድ ውስጥ መኖውን የሚያብላሉት ረቂቃን ተሕዋስያን ሥራቸውን ለመሥራት ከመቶ 7 እጅ ያህል ይሻሉ። ይህን ጉድለት የሚሞላው ፋጉሎ፣ ፉርሽካና ድርቆሽ ነው። ጭዱንም ራሱን ማሻሻል ይቻላል፤ ይኸውም ለ100 ኪሎ ጭድ 4 ኪሎ ዩሪያ በውኃ አሟሙቶ ከረጩ በኋላ አየር እንዳይገባው ሸፍኖ 3 ሳምንት በማቆየት ነው። ዩሪያ ግን ሆዱ ላልጠነከረ ጥጃ መርዝ ስለሚሆን ከቶ ሊሰጠው አይገባም።

አመጋገቡ በሦስት ደረጃ ይከፈላል። በመጀመሪያው ደረጃ ጥጃው በተወለደ በ6 ሰዓት ውስጥ እንገር መጠጣት አለበት። ከዚያ በኋላ በቀን የክብደቱን አንድ አሥረኛ ያህል ወተት ይሰጠዋል፤ 40 ኪሎ ለሚመዝን ጥጃ ይህ 4 ሊትር ገደማ ነው። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ደቃቅ መኖ ያለማምዱታል። ሁለተኛው ደረጃ አጥንትና ሥጋ የሚገነባበት ስለሆነ ፕሮቲን ይበዛበታል። ሦስተኛው የማድለቢያው ጊዜ ሲሆን፣ ኃይል ሰጪ የሆኑት በቆሎና ሞላሰስ የሚበዙት በዚህ ጊዜ ነው። ለማድለቢያ ከሚስማሙት ቅይጦች አንዱ ከ100 ኪሎው 40 ኪሎ በቆሎ፣ 33 ኪሎ ፉርሽካ፣ 25 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ፣ 1 ኪሎ ጨውና 1 ኪሎ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ያለበት ነው። ኖራው የተጨመረው ፉርሽካ የሚጎድለውን ካልሲየም ለማሟላት ነው፤ ይህ ጉድለት በወንድ ከብት ሽንት ቧንቧ ጠጠር ከሚያስከትሉት ምክንያቶች አንዱ ነውና። ቅይጡ በአንድ ቀን የሚለወጥ ሳይሆን በ2 ወይም በ3 ሳምንት ቀስ በቀስ የሚጨመር መሆን አለበት። በችኮላ የተሰጠ እህል ሆድ ያስቆጣል፤ ከብትም ይገድላል።

የነጋዴው ስሌት የሚጀምረው ከዚህ ነው። 250 ኪሎ የሚመዝን ወይፈን በቀን በአማካይ 7.5 ኪሎ ደረቅ መኖ እየበላ በ100 ቀን 80 ኪሎ ቢጨምር፣ የፈጀው መኖ 750 ኪሎ ነው። ለእያንዳንዱ ኪሎ ጭማሪ 9.4 ኪሎ ገደማ መኖ ወጣ ማለት ነው። ከብቱ እየከበደ በሄደ መጠን ይህ ቁጥር ይጨምራል። የአንድ ኪሎ ጭማሪ የመኖ ዋጋ ከአንድ ኪሎ የቁም ክብደት ዋጋ የደረሰ ቀን ከብቱን ማቆየት ትርፍን መብላት ይሆናል። ስለዚህ በየ15 ቀኑ መመዘን ከማንኛውም ግምት ይሻላል። በዐቢይ ጾም የሥጋ ገበያ ስለሚቀዘቅዝ፣ ለፋሲካ የሚያደልብ ሰው ከበዓሉ 3 ወር ያህል አስቀድሞ ቢጀምር ከብቱ በጊዜው ይደርስለታል።

የመኖ ባለሱቅም ድርሻ አለው። ርጥበት የገባው ፋጉሎ ሻጋታ ያወጣል፤ አፍላቶክሲን የተባለውም መርዝ ከዚያው ይመነጫል። መርዙ የሚያደልበውን ከብት ከመጉዳቱ በላይ ወደ ወተት ያልፋል። መጋዘኑ ደረቅ፣ ከረጢቱም ከወለልና ከግድግዳ የራቀ ይሁን፤ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ። ለላኪዎች ደግሞ የክትባትና የመድኃኒት መዝገብ ከክብደቱ እኩል ዋጋ አለው።

በከንቱ የሚቀረውን ወንድ ጥጃ ወደ ሥጋ ገበያ ማድረስ የሚቻለው አርቢው፣ መኖ ሻጩና ከብት ነጋዴው በሚዛንና በስሌት ሲገናኙ ነው።