ጥርስ ማፋጨት፦ ማንን እናማክር?

በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ገጠር ሌሊት ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው «ትል አለበት» ይባላል። ማለዳ መንጋጋው ዝሎ፣ ጆሮ ግንዱን አሞት ሲነሣ ደግሞ ጥርስ ነቃይ ፍለጋ ይሮጣል። ጤነኛ ጥርስ ቢነቀል ግን ማፋጨቱ አይቀርም። እኛ የምንመርጠው ከመንቀሉ በፊት የሚጠይቀውን ነው፤ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ጭንቀቱ፣ (ካለም) ሲያላምጥ ስለሚውለው ጫት ጠይቆ፣ የመንጋጋውን ጡንቻ ዳብሶ፣ የጥርሱን መበላት አይቶ የሚናገረውን። በጥርስ ልክ የሚሠራ የሌሊት መከላከያ ካስፈለገና በአካባቢው ከሌለ፣ ወደ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ የሚልክ ባለሙያ አላዋቂ አይባልም። መከላከያው ጥርስን ከመበላት ያድናል እንጂ ልማዱን አያጠፋም። ቁስል ያለበት ሰው አፉ አልከፈት ካለው ግን መንጋጋ ቆልፍ ሊሆን ስለሚችል፣ የጥርስ ክሊኒክ ሳይሉ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል!