ለአሮጌ ፒክአፕ መኪና ምትክ ማርሚታ አመራረጥ

መግቢያ

ፒክአፕ መኪና በእርሻ አካባቢ የሚሰጠው አገልግሎት ብዙ ነው። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ያመላልሳል፤ ምርት ለገበያ ያደርሳል፤ በሽተኛ ሲያጋጥምም ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስደው ይኸው መኪና ነው። ዕድሜው በገፋ መኪና ላይ ቶሎ ከሚያረጁት ክፍሎች አንዱ ማርሚታው ነው። ብዙ ባለንብረቶች ግን የተቀደደ ማርሚታ ከጩኸት በቀር ሌላ ጉዳት ያለው አይመስላቸውም።

እኛም እንዲሁ እናስብ ነበር። በአንድ ክረምት በቤንዚን በሚሠራ አሮጌ ፒክአፕ ወደ ሙከራ ማሳ ስንሄድ፣ ብርድ ስለነበረ መስኮቶቹን ዘጋን። ብዙም ሳንጓዝ ከመካከላችን ሁለቱን ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያዛቸው። የመንገድ ድካም መስሎን ነበር፤ ወርደው ንጹሕ አየር ሲያገኙ ግን ተሻላቸው። መኪናው ሲፈተሽ ማርሚታው በመግቢያው በኩል ተሰንጥቆ ጭሱ በጋቢናው ወለል ቀዳዳ ይገባ እንደነበር ተረዳን። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የሌለው፣ ሰው ሳያውቀው የሚገድል ጋዝ ነው።

ማርሚታ ለምን ይበሰብሳል?

አንድ ሊትር ቤንዚን ወይም ናፍጣ ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ረጅም መንገድ የሚሄድ መኪና ማርሚታው በደንብ ስለሚሞቅ እንፋሎቱ ተጠራርጎ ይወጣል። በአጭር ርቀት የሚመላለስ መኪና ግን ውሃው በማርሚታው ውስጥ እየተጠራቀመ ብረቱን ከውስጥ ያዝገዋል። በአንዳንድ ማርሚታዎች ሥር የምትገኘው ትንሽ ቀዳዳ ይህን ውሃ ለማንጠብጠብ የተሠራች ስለሆነች በብየዳ መደፈን የለባትም።

የማርሚታ ዓይነቶች

ሀ. ባለ ክፍልፍል ማርሚታ፦ በውስጡ ግድግዳዎችና የተበሳሱ ቱቦዎች አሉት። ጭሱ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ስለሚወጣ ድምፁ ይበርዳል። ለሥራ መኪና የሚስማማው ይህ ነው።

ለ. ባለ ቀጥታ ቱቦ ማርሚታ፦ በተበሳሳ ቱቦ ዙሪያ ፋይበርግላስ የተጠቀጠቀበት ነው። ጭሱን በቀላሉ ያሳልፋል፤ ነገር ግን ድምፁ ከፍ ያለ ነው፤ ፋይበርግላሱ እየተቃጠለና እየበነነ ሲሄድም ጩኸቱ ይብሳል።

ስለ ብረቱም ማሰብ ያስፈልጋል። ተራ ላሜራ ርካሽ ቢሆንም ቶሎ ይዝጋል። አልሙኒየም የተለበጠ ብረት የተሻለ ዕድሜ አለው። የማይዝግ ብረት ከሁሉም ይበልጣል፤ ዋጋውም እንዲሁ። ለማርሚታ ከሚውሉት የማይዝጉ ብረቶች አንዳንዶቹን ማግኔት ስለሚስባቸው፣ በማግኔት ብቻ መፈተን ያሳስታል። ዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ ሲበየድ የሚወጣው ጭስ በያጁን በትኩሳት ስለሚጥል ለዚህ ሥራ ባይውል ይመረጣል።

ልክ አወሳሰድ

ማርሚታ የሚገዛው በዓይን ግምት ሳይሆን በልክ ነው። በቀዝቃዛው ቱቦ ዙሪያ ሲባጎ ጠምጥመው ርዝመቱን ይለኩና ለ3.14 ያካፍሉ። ለምሳሌ ዙሪያው 16 ሳንቲ ሜትር ቢሆን የቱቦው ስፋት 5.1 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። የማርሚታው አንገት በቱቦው ላይ የሚጠልቅ ከሆነ የአንገቱ የውስጥ ስፋት ከዚህ ጋር መግጠም አለበት።

ጠባብ ማርሚታ ሞተሩን ያንቃል። ባለ 5 ሳንቲ ሜትሩን ቱቦ በባለ 4 መተካት የጭሱን መተላለፊያ ከሢሶ በላይ ይቀንሰዋል፤ መኪናው ዳገት ላይ ይደክማል፤ ነዳጅም ይበላል። እጅግ የሰፋ ቱቦም ቢሆን በዝግታ ለሚሠራ ሞተር ጥቅም አይሰጥም። ስለዚህ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ልክ መከተል ይበጃል። የማርሚታው ርዝመት፣ የመግቢያና የመውጫው አቅጣጫ (መሐል ለመሐል ወይስ በጎን) እንዲሁም የማንጠልጠያዎቹ ቦታ አብረው ይመዝገቡ።

ሲገጠም የሚደረግ ጥንቃቄ

1. ብየዳ ካስፈለገ ማርሚታው ተፈቶ ከነዳጅ ታንከሩ ርቆ ይበየድ። መኪናው ላይ እንዳለ መበየድ ግድ ከሆነ አስቀድሞ የባትሪው ገመድ ይነቀል።

2. የተሰነጠቁ የጎማ ማንጠልጠያዎችና ያረጁ ጓርኒሲዮኖች አብረው ይለወጡ። አዲስ ማርሚታ በአሮጌ ማንጠልጠያ ላይ ሲንቀጠቀጥ ይሰነጠቃል።

3. የጭስ መውጫው ጫፍ ከጋቢናውና ከጭነቱ ሥር ወጥቶ ወደ ውጭ ይዙር። በሸራ በተሸፈነ ጭነት ላይ ሰዎች ሲሳፈሩ ጭሱ ወደ እነርሱ ይሳባል።

4. ሞተሩን ደጅ ላይ አስነሥተው መጋጠሚያዎቹን ያዳምጡ። የ“ጭስ ጭስ” ድምፅ ወይም ጥቁር ጥላሸት ከታየ ጭሱ እያመለጠ ነው።

5. የጋለ ማርሚታ ደረቅ ገለባ ሊያቀጣጥል ስለሚችል መኪናውን በአውድማ ክምር አጠገብ ወይም በገለባ ላይ አያቁሙ።

ማጠቃለያ

ባለ ክፍልፍል፣ በልኩ የተመረጠና መጋጠሚያው የማያስተነፍስ ማርሚታ ለአሮጌ ፒክአፕ ይበቃዋል። ገንዘብ እስኪገኝ በተቀደደው መጓዝ ግድ ከሆነ መስኮት ተከፍቶ፣ የወለሉም ቀዳዳ ተደፍኖ ይሁን። በጉዞ ላይ ራስ ምታት ወይም ማዞር የተሰማው ሰው ካለ መኪናውን አቁሞ መውረድ እንጂ “እንደርሳለን” ብሎ መቀጠል አይገባም።