ትጋት፣ ስንቅና እርማት



የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለትም 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ያን ሰሞን «ልጆቹ ሰነፉ» የሚለው ፍርድ በየአፉ ነበር። የእኔ ዐይን ያረፈው ግን በሌላ አኃዝ ላይ ነው፤ 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድ ልጅ ሊሰንፍ ይችላል፤ የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች በሙሉ ሰነፉ ብሎ መደምደም ግን ከምርምር አይቈጠርም።

ትጋት እንዴት ፍሬ እንደሚያፈራ ለመመርመር እነዋሸራንና እነጎንጅን ያፈራው ጎጃም ሩቅ መሄድ አያሻውም። የቆሎ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቦ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ ይዞር ነበር። ረኀቡንና የውሻውን ንክሻ ሁላችንም እናወራለን፤ እምብዛም የማናወራው ትምህርቱ የሚሰጥበትን ሥርዓት ነው። መምህሩ ቅኔ ይዘርፋል፤ ተማሪው ለብቻው ቆጠራ ይወጣል፤ የራሱን ቅኔ አሰናድቶ ለነገራ ይቀርባል፤ መምህሩም ሰምቶ ያርመዋል። መሰላሉ ከባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ የታወቀ ነው። እንግዲህ ተማሪው ብቻውን አልተጋም፤ ቁራሹን መንደሩ፣ እርማቱን መምህሩ ሰጥተውታል። (ያለፈውን ሁሉ ማሞገሴ አይደለም፤ እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ካሉት ጥቂቶች በቀር ይህ በር ለሴቶች አልተከፈተም።)

ይህን መለኪያ ይዘን ወደ ሽንዲ እንምጣ። ከወንበርማ ገጠር ለሁለተኛ ደረጃ የሚመጣ ልጅ ከተማ ውስጥ ቤት ይከራያል፤ በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ወላጆቹ ሄዶ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። የበቆሎውና የበርበሬው ሥራ ሲደርስም ጉልበቱ ይፈለጋል። የዚህን ልጅ ትጋት የሚጠራጠር ካለ አንድ ጊዜ አብሮት ይጓዝ። ስንቁን እናቱ ታሰናዳለች፤ ማታ በኩራዝ የሠራውን ሒሳብ ግን ማን ያርምለታል? ክፍሉ በተጨናነቀበት፣ መምህሩም ደብተር ለማየት ጊዜ ባጣበት፣ ስሕተቱ ሳይታረም ይደጋገማል፤ ብዙ ባጠና ቁጥርም ስሕተቱን ያጸናል።

የመማር ሥነ ልቦና ጥናቶች ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ መጽሐፉን ከድኖ ራስን መጠየቅ ዕውቀትን ይበልጥ እንደሚያጸና ያሳያሉ፤ ቆጠራና ነገራ ይህን ቀድመው ያውቁት ነበር። ስለዚህ በክረምት ወደ ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላምና ሽንዲ የምትመለሱ ተማሪዎቻችን ለታናናሾቻችሁ ምክር ከመስጠታችሁ በፊት ደብተራቸውን ተቀብላችሁ እንድታርሙላቸው እጠይቃለሁ።