ዓለም ሲዞርብን ቫይታሚን ይበቃናል?

ከድሬዳዋ ወጣ ብላ የምትገኘው ሐርላ የ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መስጊድ ቅሪት በቁፋሮ እንደተገኘባት በ2017 እ.ኤ.አ. ተነግሯል። እዚያ ቆመው ቢመለከቱ ዐይንዎ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ፣ ከዚያም ወደ ተራራው በሴኮንድ ሦስት ጊዜ ያህል ይዘላል። ድንጋዩም ተራራውም ግን ባለበት ጸንቶ ይታይዎታል። ለምን ይሆን?

አንድ ቀላል ሙከራ ያድርጉ። (የዐይን ሕመም ያለበት ወይም ዐይኑን ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰው አይሞክረው።) እጅዎን ታጥበው አንድ ዐይንዎን ይጨፍኑ። የተከፈተውን ዐይን የታችኛውን ቆብ በዳር በኩል በጣትዎ ቀስ ብለው ነካ ያድርጉት። ግድግዳው የተንቀሳቀሰ ይመስልዎታል። አሁን ጣትዎን አንስተው ዐይንዎን በራስዎ ፈቃድ ወዲያና ወዲህ ያዙሩ። ግድግዳው ንቅንቅ አይልም።

ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ ይህን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መርምሮታል። አንጎል ዐይንን ለሚያንቀሳቅሱት ስድስት ጡንቻዎች ትእዛዝ ሲልክ፣ የትእዛዙን ቅጂ ለራሱ ያስቀራል። እንቅስቃሴው የራሱ መሆኑን ስለሚያውቅ የምናየውን ያቃናልናል። በጣት ሲገፋ ግን የተላከ ትእዛዝ ስለሌለ፣ የተንቀሳቀሰው ዓለሙ ይመስለዋል።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። መድኃኒት ቤት መጥተው «ሁሉ ነገር ይዞርብኛል፣ የደም ማነስ ነውና ቫይታሚን ስጪኝ» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እኔ ግን አስቀድሜ «ምን መድኃኒት እየወሰዱ ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። እንደ ጄንታማይሲን ያሉ መርፌዎች የውስጠኛውን ጆሮ ሚዛን ጠባቂ ክፍል ሊጎዱ ይችላሉ። ጉዳቱ የደረሰበት ሰው ሲራመድ የሚያየው ሁሉ ይዘልበታል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታልም መጠናቸው ሲበዛ ዐይንን ያለ ፈቃዱ ያንቀጠቅጣሉ። እንዲህ ያለውን ችግር ቫይታሚን አይፈታውም።

ስለዚህ የሚከተሉትን ልብ ይበሉ፦

• መድኃኒቱን በራስዎ አያቋርጡ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቆም ሕመሙ በርትቶ ሊመለስ ይችላል።
• የሚወስዱትን ሁሉ ከነመያዣው ይዘው ወደ ሐኪምዎ ይሂዱ።
• በድንገት ነገር ሁለት ሆኖ ከታየዎ፣ አፍዎ ከተጣመመ፣ አንደበትዎ ከተሳሰረ ወይም አንድ ጎንዎ ከደከመ የአንጎል ደም ዝውውር ችግር ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ ሆስፒታል ይድረሱ።

አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን።